አሥራ ሦስተኛው ብርጭቆ

አዲስ ከተማ፣ መርካቶ
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለኢስሐቅ ወልደሚካኤል
ለንደን

ልጄ ኢስሐቅ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ጥያቄ ይቀድማል ብዬ ያስተማርሁህ እኔ ነኝና ሥርዓቱን አላፈርስም። እንደምን ሰነበትህ? ሳሉ ለቀቀህ? በነሐሴ የላክሁልህ የሱፍ ሹራብ ደረሰህ ወይስ አሁንም ከፖስታ ቤት ፖስታ ቤት ይዞራል? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያስቸግረኛል እንጂ ሱቄን በሰዓቱ እከፍታለሁ፣ በሰዓቱ እዘጋለሁ። ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛውን ጠርጌ፣ ብዕሬን ሞልቼ ተቀመጥሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ሙሉ በልቤ ስጽፈው ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የቀረኝ መገልበጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ የደረሰኝ ደብዳቤህ ሁለት የሆሄ ስሕተት አለበት። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ አንተ ሁለቱንም ጊዜ በእሳቱ ሰ ጽፈኸዋል። ትንሽ ነገር ነው ትለኝ ይሆናል። በዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ሌላም ትንሽ ነገር ነበረች። ከፊርማህ በታች፣ በቀጭን ብዕር፣ እንደ ተረሳች ሆና የተጨመረች አንዲት መስመር። «እናቴ ሆይ፣ ምናልባት አንድ ሰው ወደ ሱቅ ቢመጣ ብዙ አይንገሩት፤ በኋላ አስረዳዎታለሁ።» ሁለት ጊዜ አነበብኋት፤ አልገባችኝም። ከጓደኞችህ አንዱ ዕቃ ሊያደርስ የሚመጣ መሰለኝ።

ሰውየው ሐሙስ ዕለት ረፋዱ ላይ መጣ። ከሲኒማ ራስ ጀምሮ ሱቅ ለሱቅ እየጠየቀ እንደ መጣ የሱሪው ጭቃ ይናገራል። እኔ ከሳጥን የወጡ የሻይ ብርጭቆዎችን በአሮጌ ጋዜጣ እጠቀልል ነበር። ጎረቤቴን ሰዓደትን ታውቃታለህ፤ በሯ ላይ ሆና ኩሏንና ሽቶዋን እየሸጠች በተራው የሚያልፈውን ሁሉ ቀድማ ታያለች።

«እትዬ አመተ፣ ቦርሳ የያዘ ሰው እርስዎን ብሎ እየመጣ ነው» አለችኝ። «ግብር ነው ወይስ አማች?»

«ሴት ልጅ የለኝም።»

«እንግዲያው ግብር ነው። አላህ ያቅልልዎ።»

ወጣት ነው። ካንተ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ጥጋቡ እባላለሁ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከሚያሳትም መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት። ብርጭቆ በደርዘን የሚሸጡት እርስዎ ነዎት?»

«በዚህ ተራ ሁሉም በደርዘን ነው የሚሸጠው» አልሁት።

«አሥራ ሦስት አድርገው የሚሰጡት?»

«እርሷስ እኔ ነኝ።»

ሰውየው እፎይ ብሎ፣ ሳልጋብዘው ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ነው የፈለግሁዎ። አልተገኘችም ብዬ ልመለስ ነበር።»

ከዚያ ነገሩን ነገረኝ። እንግሊዝ አገር የሚማር ኢስሐቅ የሚባል ወጣት ለተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ ጽፎ ልኳል አለኝ። የእንግሊዝኛ የቁጥር ቃላት፣ ትርጉማቸው፣ አጠቃቀማቸውና ምንጫቸው። ጥሩ መጽሐፍ ነው አለ። ነገር ግን መጽሐፉን ከሚመረምሩት ሽማግሌዎች አንዱ በአንድ ቦታ ላይ ተጠራጥረዋል። በመርካቶ ስላለች ሴት የተጻፈው ተረት ነው፣ ልጁ ፈጥሮታል፤ አንዱን ከፈጠረ ሌላውንስ አለመፍጠሩን ማን ያውቃል ብለዋል። ስለዚህ ሴቲቱ ካልተገኘች፣ ወይም ተገኝታ ቃሉን ካላጸናች፣ መጽሐፉ አይታተምም። «ያም ብቻ አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁ ሲመለስ ለመምህርነት ታጭቷል። መጽሐፉ ከወደቀ ሹመቱም አብሮ ይወድቃል። ይህን ያልሁዎ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ነው።»

እኔ እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር የምሰማው። ልጄ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ እንደ ሕፃን ደብቆኝ ነው፤ ስሜም በውስጡ አለ ብዬ ነበር። አፌን ከፍቼ እናቱ ነኝ ልለው ስል እርሱ ቀደመኝ።

«ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነብልዎታለሁ። ምንም አይጨነቁ።»

መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር። የብርጭቆ ስንጥቅ ለማየት የማደርገው መስሎት ይሆናል። ቀስ ብዬ አውልቄ ኪሴ ከተትሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ያች በቀጭን ብዕር የተጻፈችው መስመር ግን በዓይኔ ላይ መጥታ ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ያነበበልኝ እንዲህ ይላል፦ «እንግሊዞች ከአሥር ቀጥለው ላሉት ሁለት ቁጥሮች የብቻቸው ስም አላቸው። ኢለቨን በጥንቱ ቋንቋቸው ‘አንድ ቀረ’ ማለት ነበር፤ ትዌልቭም ‘ሁለት ቀረ’። አሥሩን ቆጥረው ሲጨርሱ የተረፈውን መጥራታቸው ነው።»

ይህ የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ኢስሐቅ። «ከጨረሱ በኋላ» ብዬ ጽፌ፣ ሰርዤ «ሲጨርሱ» ያልሁትም እኔ ነኝ። ሰባት ዓመትህ ነበር። አሥር ብርጭቆ በባንኮኒው ላይ ደርድሬ ሌላ ሁለት ለብቻ አቁሜ አሳየሁህ። «እነዚህ ለምን ከሌሎቹ ተለዩ?» አልኸኝ። «ትርፍ ስለሆኑ» አልሁህ። «ትርፍ ከሆኑ ለምን ስም አላቸው?» አልህ። ያን ቀን ይህ ልጅ ይማራል ብዬ ለአባትህ ነፍስ ነገርሁ።

አቶ ጥጋቡ ገጽ እየገለበጠ አነበበ። ስኮር ሃያ ማለት እንደ ሆነ፣ ምንጩም በበትር ላይ የሚቆረጥ ምልክት እንደ ነበር። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ የጻፍሁት ሰማያዊ ደብተሬ ነው። ስትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «የእጅ ጽሑፍዎን እያየሁ እንዳስብዎ» ብለህ የለመንኸኝ ደብተር። እኔም ከቦርሳዬ አውጥቼ በደስታ የሰጠሁህ።

ከዚያ ወደ ደርዘን ደረሰ። ቃሉ ከላቲን «ሁለትና አሥር» እንደ ወጣ፣ ፈረንሳዮች አሳጥረው ዱዝ፣ ከእርሱም ዱዜን እንዳሉት፣ እንግሊዞችም ከእነርሱ እንደ ወሰዱት አነበበልኝ። ትክክል ነው። ቀጥሎ ግን፦ «ወደ እኛ ገበያ የገባው በኢጣልያኖች አፍ ነው።» አራት ነጥብ።

እኔ እንደዚያ አልጻፍሁም። እኔ የጻፍሁት «በኢጣልያኖች ይሁን፣ በህንድ ነጋዴዎች ይሁን፣ ወይም በሌላ፣ አላረጋገጥሁም» ነው። አጠገቡም የጥያቄ ምልክት አለ። የጥያቄ ምልክቱን ምን አደረግኸው? አንድ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ብሎ በጻፈበት ቦታ ላይ ሌላው መጥቶ አውቃለሁ ሲል፣ ይህ ምን ይባላል? በልጅነቴ፣ አባቴ በእንግሊዝ ለጋሲዮን አስተርጓሚ ሳለ፣ ያስተማረችኝ ሚስ ሃርፐር ትዝ አለችኝ። የቃሉን ምንጭ ሳላውቅ ቃሉን ስጠቀምበት ጣቴን በማስመሪያ እየመታች «የሰው ልብስ ለብሰሻል፣ አውልቂው» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አላለቀስሁም፤ የሚመጣውን ገና አልሰማሁምና።

«አሁን ስለ እርስዎ ወደ ተጻፈው መጣሁ» አለኝ፤ ጉሮሮውንም ጠራረገ። «ቃል አገር ሲለውጥ ትርጉሙን ሊያጣ ይችላል። በመርካቶ የብርጭቆ ተራ ፊደል ያልቆጠረች አንዲት አሮጊት ነጋዴ አውቃለሁ። ደርዘን ስንት እንደ ሆነ ብትጠየቅ አሥራ ሦስት ነው ትላለች። አሥራ ሁለት መሆኑን ብዙ ጊዜ ባስረዳትም ሊገባት አልቻለም።»

አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ይቅርታ እናቴ። ለስድብ አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ነው።»

የሌላ ሰው ልጅ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። እናቴ አለኝ።

ሰዓደት በሯ ላይ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር። «ማን ናት ፊደል ያልቆጠረችው?» አለች ብድግ ብላ። «እሷ? እሷማ የተራውን ሰው ሁሉ ደብዳቤ...»

«ሰዓደት» አልኋት፣ «ኩልሽ ፀሐይ ላይ ነው።»

ኩሉ ፀሐይ ላይ አልነበረም። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ አየችኝ፣ አፏን ዘጋች፣ ገብታም ቁጭ አለች። የሽቶ ጠርሙሶቿን እያንኳኳች የምታስተካክል መሰለች እንጂ ጆሮዋ እኛው ጋ ነበር።

ስለ አሥራ ሦስቱ ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ግን እዚያ የተጻፈውን ከሰማሁ በኋላ ያስፈልገኛል። አባትህ ሲሞት ሁለት ዓመትህ ነበር። ሱቁን በከፈትሁ በመጀመሪያው ወር አንድ የመንዝ ሰው በአጋሰስ ጭኖ የወሰደው ደርዘን ብርጭቆ አገሩ ሲገባ አሥራ አንድ ሆነ። ተመልሶ መጥቶ አልተቆጣኝም፤ «መንገዱ አንዱን በላው» አለኝ ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሩቅ አገር ሰው አሥራ ሁለት ቆጥሬ አንድ እጨምራለሁ። መንገድ የሚበላውን ቀድሜ እሰጣለሁ፤ ደርዘኑ ቤት ሲደርስ ደርዘን እንዲሆን። በደብተሬም ጽፌዋለሁ፦ የእንግሊዝ ዳቦ ጋጋሪዎች ሚዛን አጎደላችሁ ተብለው እንዳይቀጡ በደርዘኑ ላይ አንድ ይጨምሩ ነበር ይባላል፤ የእነርሱ ከፍርሃት የመጣ ነው፤ የእኛ ምራቂ ግን ያለ ሕግ የሚሰጥ ነው ብዬ። ይህን ገጽ ታውቀዋለህ። አሥራ ሦስተኛውን ብርጭቆ ድርብ ጋዜጣ እያለበስህ «ይህ ለመንገዱ ነው» እያልህ ለደንበኛ ስታቀብል ያደግኸው አንተ ነህ። እናትህ መቁጠር ስለማትችል ነው አሥራ ሦስት የምትሰጠው?

ሰውየው ወረቀትና ብዕር አወጣ። «ጥቂት ጥያቄ ነው እናቴ። ልጁን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ። ደንበኛዬ ነበር።»

«ዘመዱ አይደሉም? ዘመድ ከሆኑ ምስክርነትዎ አይጸናም።»

ከጎረቤት የሽቶ ጠርሙስ ኳኳታው ቆመ።

«አይደለሁም» አልሁ። «ብርጭቆ ይገዛ ነበር።»

«ማንበብና መጻፍ አይችሉም?»

«እንዳነበብህልኝ ነው።»

ይህኛው እንኳ ሐሰት አልነበረም፤ እንዳነበበልኝ ነውና። ግን ራሴን በዚህ ማታለል አልፈልግም።

«እንግዲህ የመጨረሻው ነው» አለኝ። «ደርዘን ስንት ነው?»

ኢስሐቅ፣ እናትነቴን ስክድ ምላሴ እንደዚህ አልከበደኝም። ያ የእኔና የአንተ ጉዳይ ነው። ይህ ግን ቁጥር ነው። ቁጥር ለማንም አያደላም ብዬ ነው ያስተማርሁህ። በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ በቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። አሥራ ሁለት ብል መጽሐፍህ ይወድቃል፣ ሹመትህም፤ ሁለት ዓመት የተቀመጥህበት ብርድም ከንቱ ይሆናል። ባንኮኒው ላይ ከፊቴ አሥር ብርጭቆ ተጠቅልሎ፣ ሌሎች ሁለት ገና ሳይጠቀለሉ ለብቻቸው ቆመው ነበር። እነርሱን አየሁ።

«አሥራ ሦስት» አልሁ።

ጻፈው። ወረቀቱ ከእኔ በኩል የተገለበጠ ቢሆንም ያለ መነጽር እንኳ አነበብሁት። «አስራ ሶስት» ብሎ ሁለቱንም በእሳቱ ሰ ጻፈ። አላረምሁትም። አለማረሙ ምን ያህል እንደ ከበደኝ አንተ ታውቃለህ።

ከዚያ የቀለም ሳጥኑን ከፈተና የቀኝ እጄን ያዘ። ልጁ ትሑት ነው፤ እንደ በሽተኛ ነው የያዘኝ። አውራ ጣቴን ወደ ቀለሙ ሲመራ የመሃል ጣቴ ላይ ያለውን የደደረ ጉብታ በጣቱ ዳሰሰው፤ ብዕር አርባ ዓመት የተቀመጠበትን። «ይህ ምን ሆኖ ነው እናቴ?» አለኝ።

«ብርጭቆ ነው» አልሁት።

«የብርጭቆ ሥራ ይህን ያህል እጅ ይጎዳል?»

«ይጎዳል።»

ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። አመስግኖኝ፣ እጅ ነሥቶኝ፣ «መጽሐፉ ሲታተም አንድ አመጣልዎታለሁ፤ የሚያነብልዎ ሰው አይጠፋም» ብሎኝ ሄደ።

ገና ጥጉን ሳይታጠፍ ሰዓደት መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ልጅዎ ነው ወይስ ደንበኛዎ? አንዱን ይምረጡ።»

«ዝም በይ ሰዓደት።»

«ዝም ብያለሁ። ኩሌን ከፀሐይ አነሣሁ፣ ዝም ብያለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ ጆሮውን በፖስታ ይላክልኝ እል ነበር። ለኔ ልጆች እንግሊዝኛ ያስቆጠሩት ማን ናቸው? ለመሳለሚያው ዳኛ አቤቱታዬን የጻፉልኝ ማን ናቸው? ፊደል ያልቆጠረች።» ከዚያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችና ድምጿ ተለወጠ። «ለምን እሺ አሉት፣ እትዬ?»

ቀለም የነካውን ጣቴን ዘረጋሁላት። ሳሙና አምጥታ ራሷ አውራ ጣቴን አጠበችልኝ። አለቀቀም። በጋዝ አሸነው፤ ነጭ ጋዝ የማያስለቅቀው ነገር የለም ይባላል። ዛሬም ከጥፍሬ ሥር አለ። ቅዳሴ ላይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆምሁ።

ደብተሬን ብትወስድና ስሜን ብትተወው ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር። የእኔ የሆነው ሁሉ የአንተ ነው፤ ደብተሩንም የጻፍሁት ለሌላ ለማን ነው? ስሜ በመጽሐፍ ላይ እንዲታተም አልመኝም። ግን ያልገባኝ ነገር፣ እኔን መሃይም ማድረግ ለምን አስፈለገህ? ሦስት ቀን አሰብሁበትና መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል። እናቴ አስተማረችኝ ብትል፣ የቀረውስ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። የማታነብ አሮጊት ግን ደብተር የላትም። የማታነብ አሮጊት የጻፈችውን ማንም አይፈልግም። እኔን ያጠፋኸኝ ደብተሩን ለማጥፋት ነው። በደንብ ታስቦበታል። ማሰብ ያስተማርሁህ እኔ ነኝና ፍሬውን ሳየው አወቅሁት።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ያች በቀጭን ብዕር የተጻፈችው መስመር ናት። ሰውየው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ምን እንደሚጠይቀኝ ታውቅ ነበር። ምን እንደምመልስም ታውቅ ነበር። እናቴ አትከዳኝም ብለህ ተማምነህ ነው የከዳኸኝ።

ዓርብ ዕለት አቶ ይመር መጣ፤ የደሴው፣ ሻይ ቤት ያለው። እንደ ልማዱ አንድ ደርዘን አለ። ቆጥሬ ጠቀለልሁለት። አሥራ ሁለት ላይ እጄ ቆመ። እርሱም እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«እትዬ፣ የመንገዷስ?»

«ደርዘን አሥራ ሁለት ነው» አልሁት።

«ይህንንማ እኔም አውቃለሁ» አለ እየሳቀ። «የጣርማ በር ጉድጓድ ነው እንጂ የማያውቀው።» ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ። የስድስት ዓመት ደንበኛዬ ነው፤ አልተከራከረኝም።

ባንኮኒው ላይ አንድ ብርጭቆ ቀርቶ ነበር። ጥቂት አየሁት። ከዚያ ድርብ ጋዜጣ አልብሼ ተሸካሚውን ጎበዜን ጠራሁና የጭነት መኪናው ሳይነሣ ይድረስበት ብዬ ላክሁት። ጣርማ በር ላይ ያለው ጉድጓድ ልጄ ያደረገውን አያውቅም፤ አቶ ይመርም አያውቅም። በአንተ ጥፋት የሰው ብርጭቆ እንዲጎድል አልፈልግም።

አሁን የምለምንህን ስማ። ሰማያዊውን ደብተሬን መልስልኝ። ለመክሰስ አይደለም፤ ክስማ አበቃ፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ እኔ መጻፍ የማልችል ሴት ነኝ፣ ደብተር አለኝ ብል ማን ያምነኛል? የምፈልገው የቀረኝን ገጽ ልጨርስበት ነው። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊትም የጥያቄ ምልክቱን ወደ ቦታው መልሰው። ስለ እኔ የጻፍኸውን ግን አትንካው። አሁን ብታነሣው ሽማግሌው ይጠረጥራሉ። እንዳለ ይታተም።

አንድ ቀን ግን መምህር ሆነህ ስትቆም፣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያች ሴት ማን ነበረች ብሎ ይጠይቅህ ይሆናል። ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ይጠይቃል፤ አንተም ትጠይቅ ነበር። የምትመልስለትን ከአሁኑ አዘጋጅ።

ስትመለስም አንድ ነገር አትርሳ። እኔ ለመንግሥት ሰው ደንበኛዬ ነው ብያለሁ፤ በጣቴም አጽንቻለሁ። አቶ ጥጋቡ መጽሐፉን ይዞልኝ እመጣለሁ ብሏል፤ የሚመጣበትን ቀን አላውቅም። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርደህ ወደ ተራው ስትመጣ፣ ሱቁ በር ላይ ሰው ካየህ እናቴ ብለህ እንዳትጣራ። እንዳትስመኝም። ብርጭቆ ለመግዛት እንደ መጣ ሰው ቁምና ደርዘን ስጡኝ በል። ከሩቅ አገር ነው የመጣኸው፤ አሥራ ሦስት አድርጌ እጠቀልልልሃለሁ።

ሳልህ ካልለቀቀህ ማታ ማታ ማር በሙቅ ውኃ ጠጣ። በብርድ ባዶ አንገትህን አትውጣ። የአባትህ የወልደሚካኤል አምላክ በሰው አገር አይተውህ። የጻፍኸው ሁሉ እውነት እስኪሆን ድረስ ዕድሜ ይስጥህ።

እናትህ
አመተ ሥላሴ ወርቅነህ
በገዛ እጄ ጻፍሁት